ሐሞት ነው የተባለው ልብ

የባሌ ታላቅ እህት በጅቡቲ ከተማ፣ በካርቲየ 2 ሰፈር የተከበረች ሴት ናት። ስትሞት ብዙ ሰው ያለቅስላታል፤ እኔም ከፊት ተቀምጬ አለቅሳለሁ። እስከዚያው ግን ልጄን ምን ልታደርጋት እንደነበር ልጻፍ፤ ቤተሰቡ ታሪኩን ዛሬ በሌላ መንገድ ነው የሚያወራው።

ልጄ አብራሪ መሆን የፈለገችው ከተማሪነቷ ጀምሮ ነው። ናይሮቢ ያለ የበረራ ትምህርት ቤት በተቀበላት ዓመት፣ ካምሲን የሚባለው ትኩስ የበረሃ ነፋስ በሚነፍስበት ሰሞን፣ ሱቃችን ውስጥ የጨርቅ ጣቃ ስታወርድ ድንገት ቁጭ አለች። እጄን ደረቷ ላይ ሳሳርፍ ልቧ እንደ ስፌት መኪና ይንቀጠቀጣል።

ሄሮን ሰፈር ያለው ሐኪም ከልደቷ ጀምሮ ልቧ ውስጥ ትርፍ የኤሌክትሪክ መንገድ እንዳለ ነገረን። አዲስ አበባ ወሰድናት። በብሽሽቷ በኩል ቀጭን ሽቦ አስገብተው ያንን መንገድ አቃጠሉት። ሳምንት ሳይሞላ በእግሯ ትሄድ ነበር። ያከማት ሐኪም፣ «ድነሻል። መብረር ትችያለሽ አትችይም የሚለውን ግን የአብራሪዎች ሐኪም ነው የሚወስነው። ምንም ሳታስቀሪ ንገሪው» አላት።

እትዬ፣ የባሌን እህት እንዲህ ነው የምንጠራት፣ ከአውሮፕላን ጣቢያ እንደተመለስን ሰብስባን፣ «ልብ የሚባል ነገር ከዚህ ቤት እንዳይወጣ» አለች። የራሷን ልጅ ልትድር ሽማግሌ ተቀብላ ነበር። «በዘራቸው የልብ በሽታ አለ ከተባለ ማን ደጃችንን ይረግጣል?» ለሰፈሩም የሐሞት ጠጠር ነው፣ ቀደው አወጡላት ብላ አስወራች።

በእኛ ሰፈር በሽተኛ በባዶ እጅ አይጠየቅም። ሴቶቹ ስብ የሌለው የፍየል ሾርባ ይዘው ይመላለሱ ጀመር። ልጄ ሳምቡሳ ስታነሳ አንዷ «ሐሞትሽን!» ብላ ከእጇ ትነጥቃታለች። ወራት እንዲህ አለፉ። ልጄ ትስቅ ነበር። እኔ አልሳቅኩም።

ናይሮቢ ሄዳ የምትመረመርበት ጊዜ ሲቃረብ እትዬ መጥታ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች።

«ሐኪሙ ታመሽ ታውቂያለሽ ወይ ካለሽ ሐሞት በይ። ሐሞት ማንንም ከሥራ አይከለክልም።»

«የሐሞቱን ጠባሳ አሳዪኝ ቢለኝስ፣ እትዬ?»

«ወንድ ሆኖ ሆድሽን ግለጪ ሊልሽ ነው?»

«አቦ፣ ሐኪም ነውኮ!»

ባሌ ጫቱን ይዞ ጥግ ላይ ነበር። ስለ እሱ ብዙ አልጽፍም። «እህቴ ያለችውን ካላልሽ አትሄጂም» አለ። ልጄም «እሺ» አለች።

ልጄ ወጥ ቤት ድረስ ተከትላኝ መጣች። «እማዬ፣ ብዋሽ አንድ ቀን ይደርሱበታል። ያኔ የሚያባርሩኝ በልቤ ሳይሆን በውሸቴ ነው።»

«ታዲያ ለምን እሺ አልሽ?»

«እምቢ ብል የት እሄዳለሁ?»

ሌሊቱን ነገሩን አሰብኩበት። አባቷ የያዛት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ምስጢሩ እንዳይወጣ። ምስጢር ከሌለ የሚይዝበትም የለውም።

በማግስቱ፣ የዕለቱ ጫት ገብቶ ወንዶቹ ከተቀመጡ በኋላ፣ ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው እኛ ዘንድ መጡ። እትዬም ነበረች። ሶማሌዋ ጎረቤታችን የሾርባዋን ክዳን ስታነሳ፣ «ሐሞት አይደለም» አልኩ። «ልቧን ነበር። አዲስ አበባ ታክማ ድናለች።»

ጎረቤታችን ድስቷን አየች። «ታዲያ ይሄን ሁሉ ወር ስቡን ስገፍ የኖርኩት ለማን ነው፣ ወላሂ?»

ሴቶቹ ሳቁ። እትዬ አልሳቀችም። «ሙቀቱ ነው፤ የምትናገረውን አታውቅም» አለች።

«አውቃለሁ» አልኩ። ሙሽራ ሆኜ ከድሬዳዋ ከመጣሁ ጀምሮ እንግዳ ፊት ስመልስላት ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ማታ ባሌ፣ «ምን አደረግሽ?» አለኝ። «አሁንም የሚደበቅ ነገር ካገኛችሁ ደብቁት» አልኩት።

ልጄ ሄደች፤ ሁሉንም ተናገረች። ሐኪሙ አልከለከላትም፤ አልፈቀደላትምም። ሕመሙ እንደማይመለስባት ለማረጋገጥ ዓመት ጠብቃ እንደገና እንድትመረመር አዘዛት። ያ ዓመት ከባድ ነበር። እሷ ሱቅ ውስጥ ጨርቅ ትለካለች፤ እትዬ እየመጣች፣ «ምላስሽ ልጅሽን አስቀራት» ትለኛለች። እኔም ለብቻዬ ስሆን እውነቷን ቢሆንስ እል ነበር። እትዬ የፈራችለት የልጇ ሠርግ ግን አልቀረም። የሙሽራው ወገኖች ስለ ልብ አንድ ቃል አልጠየቁም። እኔን ግን እትዬ ከጓዳው በር አጠገብ አስቀመጠችኝ፤ ሩዝና ሥጋዬን በልቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ዓመቱ ሞልቶ ልጄ እንደገና ናይሮቢ ሄደች። ትሬድሚል ላይ አስሮጧት፤ የልብ ምት የሚመዘግብ መሣሪያ አስረውባት ከእሱ ጋር አሳደሯት። ስልኩ ሲደወል እኔና ባሌ ሱቅ ነበርን፤ የጠራው የእኔ ነው።

«እማዬ፣ ፈቀዱልኝ።»

«ምን ብለው?»

«በየዓመቱ ልቤን እየፈተሹ። ሌላ ምንም የለም። ሰኞ ትምህርት እጀምራለሁ።»

ባሌ ከመደርደሪያው ወዲያ እጁን ዘረጋ። «ስጪኝ፣ ልጄን ላናግራት!»

«ጠብቅ፣ አልጨረሰችም» አልኩትና ጀርባዬን ሰጥቼው መስማቴን ቀጠልኩ። ስለ አስተማሪዋ፣ ስለ ዩኒፎርሟ፣ ስለ ናይሮቢ ብርድ ነገረችኝ። ብዙ አወራች። እሱም ቆሞ ጠበቀ።