ክንፉ የታሰረው ዶሮ

ጋሼ ታደሰ ከነቢላዋቸው ወደ ኋላ ሲሸሹ ሳይ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።

ጠዋት ቡልጋሪያ ሰፈር መንገድ ዳር ካገኘሁት ሰውዬ ለእንግዳ ብዬ ዶሮ ገዛሁ። ቂርቆስ ግቢያችን ውስጥ ዶሮ የሚያርዱልን ጋሼ ታደሰ ስለሆኑ ጠራኋቸው።

ዶሮው እግሩ ብቻ ሳይሆን ክንፉም ታስሮ ነበር። ማለቴ፣ የዶሮ ክንፍ ማን ያስራል? ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

ጋሼ እንደ ወትሯቸው በእግራቸው ሊረግጡት ገመዱን ፈትተው ክንፉን ሲዘረጉ፣ በየክንፉ ጫፍ ሦስት ሦስት ጣት ከነጥፍሩ ብቅ አለ!

ቀስ ብለው አፉን ከፈቱት። ጥርስ አለው።

"እኔ ጥርስ ያለው ዶሮ ባርኬ አላርድም" አሉኝ። "ማነው የሸጠልሽ ልጄ?"

ጅራቱን ስዳብሰው ላባው ሥር እንደ እንሽላሊት ረጅም አጥንት አለው። ስገዛው ደረቱን ዳብሼ ነበር፤ ጅራት ዳብሺ ያለኝ የለም።

ፎቶ አንስቼው ስልኬ ላይ ስፈልግ የወጣልኝ ላባ ያለው ትንሽዬ ዳይኖሰር ነው። ድሮ ጠፍቷል ይላል። የጠፋው ግን አሁን ቅርጫት ሥር ሆኖ ዓይን ዓይኔን ያየኛል።

ሮጬ ሻጩ ጋ ተመለስኩ። ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ "አንቺ ምን ሆንሽ? የወሰድሽው ጫጩቱን ነው" አለኝ። "እናትየዋን የገዛት ሰው እንኳን አልመጣብኝም።"

በቃ፣ አሁን ጥያቄዬ ለእናንተ ነው። ዛሬ ከቡልጋሪያ ክንፏ የታሰረ ትልቅ ዶሮ ይዞ የገባ ዘመድ ወይም ጎረቤት አላችሁ?

እስቲ ደውሉለት። ካነሳ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ።