ፊልትሮውን በምን ከፈትሽው?

ባለፈው ሳምንት የመኪናዬን ዘይት ላስቀይር ጋራዥ ሄጄ ነበር። ልጁ አሮጌውን የዘይት ማጣሪያ፣ ፊልትሮውን፣ ፈታና ዞር ብሎ እንኳ ሳያየው ወደ በርሜሉ ሊወረውረው ሲል «ቆይ፣ ለእኔ ስጠኝ» አልኩት። ለምን እንደፈለግኩት ግራ ገብቶት አየኝ፤ ደግነቱ አልጠየቀም፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ቤት እስክደርስ አላስቻለኝም። የትራፊክ መብራት በያዘኝ ቁጥር እጄ ወደ ጥቅሉ ይሄዳል። የተቃጠለው ዘይት ሽታ መኪናዋን ሞላትና፣ ስንት ዓመት ወዳልረገጥኩት ጋሸና ይዞኝ ሄደ።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው ጋሸና ነበር፣ መንገዱ ወደ ላሊበላ ከሚታጠፍበት አጠገብ። ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። መንገዱ ገና ጠጠር ነበር፤ አቧራውን ከሽሮው ጋር አብረን ነበር የምንበላው። አባቴ ከወልድያ ላሊበላ የሚመላለስባት አንዲት ያረጀች ቅጥቅጥ አውቶብስ ነበረችው፤ ሹፌሯም መካኒኳም እሱ ነው። እኔ ደግሞ አንድ ቦታ መቀመጥ የማልችል ልጅ ነበርኩ። እናቴ «ይቺን ልጅ በገመድ ካላሰርኳት አትረጋልኝም» እያለች ለጎረቤት ታማርር ነበር። አባቴ ግን ለመቁነጥነጤ ሥራ አገኘለት። የቅርብ ነገር ማየት ተስኖት ነበር፤ መነጽር ማድረግ ደግሞ ሽማግሌ መባል መስሎ ስለሚታየው፣ ዓይኑ እኔ ሆንኩ።

አባቴ ዘይት በቀየረ ቁጥር አሮጌውን ፊልትሮ ሳይከፍት አይጥልም። ሞተር አፍ ስለሌለው የሚናገረው በዚህ ነው ይል ነበር። የቆርቆሮውን አንገት በብረት መጋዝ ዙሪያውን እንቆርጥና ከውስጡ ያለውን እጥፍጥፍ ወረቀት እናወጣለን። በናፍጣ አለቅልቀን ነጭ ሳህን ላይ ዘርግተን ወደ ፀሐይ እናዞረዋለን። ጥቁር ጭቃ ብቻ ከሆነ ደህና ነው። የሚያብለጨልጭ ነገር ካለ ግን ሞተሩ ራሱን እየበላ ነው ማለት ነው። ከተሰበረ ራዲዮ ያወጣነው ማግኔት ነበረን፤ እሱን በላዩ አሳልፌ የያዘውን እነግረዋለሁ። አንድ ችግር ነበረው፤ መጋዙ ራሱ ሲቆርጥ ብናኝ ይጥላል። ስለዚህ ማግኔቱ ትንሽ ብረት ከያዘ አባቴ «የመጋዙ ነው» ብሎ ያልፈዋል። አብዛኛውን ጊዜም የመጋዙ ነበር።

ለገና አራት ቀን ሲቀረው የሰፈሩ ወንዶች ልጆች የገና ዱላቸውን ይዘው ሜዳ ወጡ። እኔን ሴት ልጅ አትጫወትም አሉኝ። ዱላ ካለኝ ማን ይከለክለኛል ብዬ፣ የታጠፈ የወይራ ቅርንጫፍ ፈልጌ በአባቴ የብረት መጋዝ መገዝገዝ ጀመርኩ። ያንን መጋዝ እንጨት እንዳላስነካው ስንቴ አስጠንቅቆኛል። መች እሰማለሁ! ምላጩ ወይራው ውስጥ ተጣመመና ቀጭ ብሎ ለሁለት ተሰበረ። ሌላ ምላጭ ከወልድያ ወዲህ አይገኝም። ስባሪውን ከጎተራው ሥር ወሸቅኩና ዱላውንም ጨዋታውንም ረሳሁት።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት አባቴ ለገና ተሳላሚዎች ጉዞ ዘይት ቀየረ። ፊልትሮውን ሰጥቶኝ ከፍቼ እንድጠብቀው ነግሮኝ ወደ መናኸሪያው ሄደ። ምን ላድርግ? መሮና መዶሻ አነሣሁና እየመታሁ ቀደድኩት። መሮ ይቀድዳል እንጂ እንደ መጋዝ ብናኝ አያራግፍም። የተቀዳደደውን ቆርቆሮ እንዳያየው የተቃጠለ ዘይት በርሜል ውስጥ ከተትኩና ወረቀቱን ሳህኑ ላይ ዘረጋሁ። ያብለጨልጭ ነበር። ማግኔቱን ሳሳልፍበት እንደ ዱቄት የላመ ብረት ተነሥቶ ጺም አበቀለበት።

አባቴ ተመልሶ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። ያየሁትን አንድም አልደበቅኩትም፤ በዚህ ዛሬም ከራሴ ጋር እከራከራለሁ። ብናኝ አለ አልኩት። ማግኔቱ ይዞታል አልኩት። «እንግዲህ የመጋዙ ነዋ» አለና ጉልበቱን ይዞ ተነሣ። መጋዙ መሰበሩን ግን አልነገርኩትም።

ከዚያ ወዲያ ልናገር አፌን እከፍትና ጎተራው ትዝ ሲለኝ መልሼ እዘጋዋለሁ። ውሃ ልቀዳ ሄጄ ባዶ እንስራ ይዤ ተመለስኩ። በማግስቱ አባቴ ወልድያ ደርሶ በሰላም ሲመለስ ምንም አይደለም ብዬ ራሴን አሳመንኩ፤ ግማሽ ቀን እንኳ አልቆየልኝም።

በዋዜማው ሁላችንም ተሳፈርን። እናቴ ለቤተ ክርስቲያን የተሳለችውን ጃንጥላ አቅፋ ከኋላ ተቀመጠች። እኔ ከአባቴ ጎን የሞተሩ ክዳን ላይ ነበርኩ፤ ሙቀቱን ስለምወደው ሁልጊዜም ቦታዬ እሱ ነው። ተሳላሚው ይዘምራል፣ ያጨበጭባል፣ እልል ይላል። ከእልልታው ሥር ግን ሌላ ድምፅ አለ፤ ቁልቁለት ላይ ይጠፋል፣ ዳገት ስንጀምር ቋ ቋ ቋ እያለ ከተቀመጥኩበት ክዳን ሥር ይመታኛል። አባቴ ጆሮውን ያዘነብላል፣ መዝሙሩ ይውጥበታል። እኔ ወዲህና ወዲያ እቁነጠነጣለሁ። ከኋላዬ የነበሩ አንዲት እማሆይ ትከሻዬን ያዝ አድርገው ሽንቴ መጥቶ እንደሆነ ጠየቁኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

የአውሮፕላን ማረፊያውን መገንጠያ አለፍን። ከፊታችን ወደ ላሊበላ የሚያወጣው የመጨረሻው ዳገት ታየ፤ አንድ ጎኑ ገደል ነው። አባቴ ማርሽ ሊቀንስ እጁን ሲዘረጋ ክንዱን ያዝኩት።

«አባዬ፣ መጋዙ ተሰብሯል።»

«መቼ?»

«ፊልትሮውን ሳልከፍተው በፊት።»

ዓይኑን ከመንገዱ አላነሣም። «ታዲያ በምን ከፈትሽው?»

«በመሮ።»

በአውቶብሷ ውስጥ ካለው ሰው ሁሉ ይህ ምን ማለት እንደሆነ፣ ብናኙ የመጋዙ ሳይሆን የሞተሩ እንደነበር፣ የገባን እሱና እኔ ብቻ ነበርን። ሜዳው ላይ ጥግ ያዘና ሞተሩን አጠፋ። መዝሙሩ ቀስ በቀስ ሞተ። አባቴ ወደ ተሳፋሪው ዞሮ ይቅርታ ጠየቀ፤ ከዚህ በላይ በዚች አውቶብስ ሰው አላወጣም አለ። አንዳንዱ አጉረመረመ። እማሆይ ግን «እኛ ድሮም በእግራችን ነበር የምንመጣው» ብለው ቀድመው ወረዱ፤ ሌላውም ተከተላቸው። እናቴ በመጨረሻ ስትወርድ ቆም ብላ አየችኝ፤ የደበቅኩት ነገር እንደነበር ከፊቴ ገባት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» አለችና ጃንጥላዋን ይዛ ዳገቱን ተያያዘችው።

የዚያን ዓመት ገናን እኔና አባቴ አውቶብሷ ሥር ዋልን። ከላይ ከበሮው ይሰማናል፣ ሰው ነጭ ለብሶ በአጠገባችን ይተማል፤ እኛ ዘይት በዘይት ሆነናል። አባቴ ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት መያዣ አውርዶ፣ የሚሽከረከረውን የሞተሩን ዘንግ ዙሪያውን አቅፎ የሚይዘውን ስስ ብረት ፈታና መዳፌ ላይ አስቀመጠው። ተበልቶ እንደ ወረቀት ሳስቷል፤ ዘንጉንም መፋቅ ጀምሮ ነበር።

«ሞተሩ ዳገቱ መሃል ነክሶ ቢቆም ኖሮ…» አለና ተወው። ስንት ሰው ተሳፍሮ እንደነበር፣ እናቴም ከመካከላቸው እንደነበረች ሁለታችንም እናውቃለን። ያኔ አለቀስኩ። እንዲቆጣኝ ፈልጌ ነበር፣ አልተቆጣኝም። በእጁ ጀርባ፣ ዘይት ባልነካው በኩል፣ እንባዬን ጠረገልኝ።

«የሰበርሽው መጋዝ ነው፣ ሆዴ። የደበቅሽኝ ግን ዓይኔን ነው።»

ከዚያ ወዲህ ፊልትሮ በከፈትን ቁጥር «ምን አየሽ?» ከማለቱ በፊት «በምን ከፈትሽው?» ይለኝ ጀመር። አዲስ ምላጭ ገዝቶ፣ አጠገቤ ቆሞ እየቆረጥኩ እያየኝ እንኳ ይጠይቀኛል። መጀመሪያ እንደ ቅጣት ቆጥሬው እናደድ ነበር። ኋላ ግን ሌላ የምደብቀው ነገር ቢኖር እንኳ የምናገርበትን ቀዳዳ እየተወልኝ እንደነበር ገባኝ። አድጌ ሥራ ይዤ ከከተማ ስደውልለትም፣ ስለ ኑሮዬ የሆነ ነገር አድበስብሼ ካለፍኩ «በምን ከፈትሽው?» ይለኝ ነበር። ያኔ እውነቱን እናገር ነበር።

አሁን አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል። አውቶብሷም የለችም። የእኔ መኪና የታመመች እንደሆን መሪው ፊት መብራት ታበራለች፤ ልጄም ካላበራች ደህና ናት እያለ ይስቅብኛል። እኔ ግን በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ያንን ፊልትሮ ቆረጥኩት፣ አለቀለቅኩት፣ ሳህን ላይ ዘረጋሁት። ወደ ፀሐይ ሳዞረው ሁለት ሦስት ቦታ ብልጭ አለ። ዓይኔ እንደ አባቴ መሆን ስለጀመረ ክንዴን ዘርግቼ አራቅኩት፤ ማግኔቱን በሌላ እጄ ይዤ፣ የሆነ ድምፅ እንደሚጠብቅ ሰው ጆሮዬን ጣልኩ። ማንም አልጠየቀኝም።

በመጋዝ ነው፣ አባዬ። አልተሰበረም።