አባዬና ድባቡ

አባቴን፣ ወልደ ሐዋርያትን፣ የማያውቅ የእንጦጦ ሰው ካለ፣ ወይ አዲስ ተከራይ ነው፣ ወይ ቤተ ክርስቲያን አይስምም። ዕድሜውን ሙሉ የባሕር ዛፍ አጣና ሲሸጥ ኖሯል። ስሙ የተጠራው ግን በአጣናው ሳይሆን በእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ድባብ ነው። ታቦት ሲወጣ በካህኑ ራስ ላይ የሚዘረጋውን ያን ትልቅ ባለ ዘርፍ ጥላ፣ እኔ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ከእሱ ሌላ ሰው ሲይዘው አላየሁም። የእንጦጦ ነፋስ ደግሞ ቀልድ አያውቅም።

አምና ቀኝ ክንዱ ከትከሻው በላይ አልነሣ አለ። ሸሚዙን የማለብሰው፣ ነጠላውን የማጣፋለት እኔ ሆንኩ። የየካቲት ኪዳነ ምሕረት ሲቃረብ አላስችል አለኝና፣

«አባዬ፣ ዘንድሮ እንኳ ለጋሽ ገመዳ ስጠው» አልኩት።

«ለገመዳ?» አለ፣ ለሌባ ስጥ ያልኩት ይመስል። «ድባቡን የለቀቅሁ ቀን እዚህ ቁጭ ብዬ ሞቴን ነው የምጠብቀው!»

ጋሽ ገመዳ ጎረቤታችን ነው፤ ከአባዬ ጋር አንድ ሰንበቴ ይጠጣሉ። አንድ ጊዜ «ድባቡን በተራ እንያዘው» ብሎ ተናገረና ከዚያ ወዲህ ሰላምታው የሚመለስለት በአገጭ ነበር። በአባዬ ግትርነት ብናደድም አንጀቴን በላው። ድባቡን ከወሰዱበት ምን ይቀረዋል?

ከበዓሉ በፊት በነበረው እሑድ መምሬ በርናባስ ለሰንበቴው ሰዎች የሙሴን ታሪክ አነሡ። ሙሴ እጁን ሲያነሣ እስራኤል ያሸንፋሉ፣ ሲያወርድ አማሌቅ ያሸንፋል። እጁ ሲዝል አሮንና ሆር ግራና ቀኝ ደግፈው ፀሐይ እስክትጠልቅ አቆሙለት። አባዬ ዳቦውን እንደጎረሰ ተነሥቶ ወጣ።

«እኔን ለመንካት ነው!» አለ እቤት ሲደርስ። «ቢሆንስ? ሙሴ ቦታውን ለማንም አልለቀቀም። እኔም አልለቅም!»

መጽሐፉን አንብቤ አየሁት፤ እውነቱን ነው።

በበዓሉ ቀን የመጀመሪያውን ዙር እንደምንም ተወጣው። በሁለተኛው፣ ከባሕር ዛፉ በኩል ነፋሱ ዞሮ መታው። ድባቡ ዘመመ፤ ዘርፉ የካህኑን ፊት ገረፈ። እልልታው ተቋረጠ። ጋሽ ገመዳ ሰዉን እየገፋ ሲመጣ፣ «በቃ፣ ሊቀማው ነው» ብዬ ዓይኔን ልጨፍን ምንም አልቀረኝ።

እጁ ግን ወደ ድባቡ አልሄደም። ከአባዬ ክርን ሥር ገብቶ ወደ ላይ ደገፈ። «አንተ ዝም ብለህ ያዝ፣ ወልዴ» አለው። በግራ በኩል ሌላ የሰንበቴው ሰው ገባ። ድባቡ ቀና አለ፣ እልልታውም ቀለጠ። እኔ እንባዬን በነጠላዬ ጠረግሁ።

ሦስተኛው ዙር ሲጀመር አባዬ ድባቡን ለጋሽ ገመዳ አቀበለው። ጋሽ ገመዳ ግንድ ቢያሸክሙት የማይደክመው ጤነኛ ሰው ነው። አባዬ ግን ደኅናውን እጁን ከክርኑ ሥር አስገብቶ ደገፈው።

«ክንድህ እየተንቀጠቀጠ ነው» አለው ኮስተር ብሎ።

«አዎ» አለ ጋሽ ገመዳ። «በደንብ ያዘኝ።»