ሪሞት የእንግዳ ነው

የአባዬ ጓደኛ ጋሽ ደምሴ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ቤታቸው ጋብዘውኝ፣ ከቲቪው የባስኬትቦል ተጫዋቾች ጫማ ወለሉ ላይ ሲያፏጭ ስሰማ፣ ያደግኩበት እዚያው አቅራቢያ ያለው የአሌክሳንድሪያው አፓርታማችን ፊቴ ድቅን አለ።

እኔና አባዬ ለኮሌጅ ባስኬትቦል አሰልጣኞች ደረጃ እናወጣላቸው ነበር። "በአዘቦቱማ ማንም ያሸንፋል፤ አሰልጣኝ የሚለየው በማርቹ የጥሎ ማለፍ ቶርናመንት ነው" ይለኝ ነበር። አንድ ማርች፣ አንደኛ ያደረግነው አሰልጣኝ ዋንጫውን ሊያነሳ ደቂቃ ሲቀረው፣ እንግዳችን ጋሽ ደምሴ ሪሞቱን አንስተው ወደ ዜና ቀየሩት።

"ሴት ልጅ ደግሞ ኳስ ምን ያደርግላታል?" አሉ።

እንባዬ መጣ። አባዬ ግን "ሪሞት የእንግዳ ነው" አለኝ። ያኔ አልገባኝም።

ዛሬ እሳቸውም ኳስ ወዳጅ ሆነዋል፤ የሚደግፉት አሰልጣኝ ቡድን ለዋንጫ ይጫወታል። ደቂቃ ሲቀረው፣ ሪሞቱን አንስቼ ዜና ከፈትኩ።

"ኧረ ልጄ! ምን ነካሽ?" አሉ ብድግ ብለው።

"ዛሬ እንግዳዋ እኔ ነኝ፣ ጋሼ።"