ፌስታልና እንሶስላ

"ልጄን በእጄ እንሶስላ ላሙቃት። ሌላ ምንም አልጠየቅሁሽም፣ ሲስተር" አለችኝ፣ ሁለት እጆቿን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታ። እጆቿ በሽፍታ ተውጠዋል፤ ስታካቸው ቆስለው፣ ቁስሉም አመርቅዟል። ቫይረሱ በደሟ አለ፤ ቆዳዋ እንዲህ የሆነው መድኃኒቱን ለወራት አቋርጣ ነው። ከወግዲ መኪና ተሳፍራ መካነ ሰላም ድረስ የምትመጣውም የአገሯ ሰው እንዳያውቅባት ነው። የልጇ ሰርግ ደግሞ ደርሷል።

"ቁስሉ ሳይዘጋ እንሶስላ የሚባል ነገር እንዳትነኪ!"

"ከዘጋስ?"

"ከዘጋማ ማን ይከለክልሻል!"

እኔ ቁስል ላይ ቀልድ አላውቅም። በየቀጠሮዋ ጓንት አጥልቄ አጠብኩላት፣ ቅባት ቀባሁላት፣ "መድኃኒቱን አንድ ቀን ብታስታጉይ ወዮልሽ!" ብዬ ዛትኩባት። እሷም የዋዛ አይደለችም፤ "አንቺስ ከባሌ እናት ትብሻለሽ" እያለች ትስቅብኛለች። ቀስ በቀስ ቁስሉ ደረቀ፤ ጥቋቁር ጠባሳው ብቻ ቀረ። ያን ቀን ጓንቴን አውልቄ በባዶ እጄ መዳፏን ዳሰስኩት። አለቀሰች።

"አብሽሪ፣ ድኗል" አልኳት።

"ሰርጉ ላይ ነይልኝ። ግን ነርስ ነኝ እንዳትዪ፤ እህቷ ነኝ በይ።"

ሄድኩ። ሴቶቹ የተወቀጠውን እንሶስላ ከበው፣ ሙሽራዋን መሀል አስቀምጠዋታል። እናትየው እጇን ወደ ሳህኑ ስትሰድ የባሏ እህት፣ የሙሽራዋ አክስት፣ ፌስታል ይዛ መጣች።

"ይቺን እጅሽ ላይ አጥልቂና አሙቂያት። ምን ይታወቃል፣ ያ ጠባሳ ምን እንደሆነ!"

ደሜ ፈላ! ግን ምን ልበል? "ድናለች" ብል "ከምን?" ይሉኛል። የታካሚ ምስጢር አፌን አስሮት፣ ወላሂ፣ ያን ፌስታል ቀምቼ ብቦጫጭቀው በወደድኩ።

እናትየው ፌስታሉን ተቀበለች። ልታጠልቀው ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

"ጥሩ አደረግሽ" አለቻት። "ከሞቀች በኋላ እጇን እንጠቀልልበታለን።" ከዚያ ቀና ብላ ሁሉንም አየች። "ማወቅ የምትሹት ያን ከሆነ እኔው ልንገራችሁ። አዎ፣ ቫይረሱ በደሜ አለ። መድኃኒቴን እውጣለሁ። እጄ ድኗል። ይቺን ልጅ ያሳደግኋት በዚህ እጅ ነው፣ የምድራትም በዚሁ እጅ ነው። የፈራ፣ በሩ ያውና!"

ሁለት ሴቶች ወጡ። ይውጡ! ምን ጎደለብን?

ሙሽራዋ እጇን ዘረጋች። "እማ፣ ይደርቃል እኮ፣ ቶሎ በይ እንጂ" አለች። ለካ ልጅቷ ድሮም ታውቅ ኖሯል።

እናትየው ልጇን አሙቃ፣ በፌስታሉ ጠቅልላ ስታበቃ ወደ እኔ ዞረች። "አንቺስ፣ እህቴ?" እጄን ሰጠኋት።

ሥራ ስገባ ኃላፊዬ ግንባሩን ቋጠረ። "ነርስ በእንሶስላ?"

"አይለቅም፤ እጄን ልቁረጠው እንዴ?" አልኩት።

በዚያው በቀይ እጄ ቁስል ማጠቤን ቀጠልኩ። እጃቸውን ጋቢ ውስጥ ደብቀው የሚመጡ ታካሚዎች "ማን አሞቀሽ?" ይሉኛል። እኔ ስለ ታካሚ አላወራም። ይህን ግን እሷው "ንገሪልኝ" ብላኛለች።

"እንደናንተው መድኃኒቷን የምትውጥ፣ እንደናንተው እጇን ስትደብቅ የኖረች ሴት" እላቸዋለሁ። "በሉ አሁን፣ እጃችሁን አውጡ!"