ከእድሩ ደንብ የተውኩት አንቀጽ

የእናቴ እድር መተዳደሪያ ደንብ ቁም ሳጥናችን ውስጥ፣ ከስምንተኛ ክፍል ሰርተፊኬቴ ጋር በአንድ ፌስታል ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ደንብ ጻፊ ስባል ያወጣሁት እሱን ነው። ሌላ የማውቀው ደንብ አልነበረኝም።

ጻፊ ያሉኝ በቴሌግራም የጽሑፍ ጨዋታ አብረውኝ የሚጫወቱ ሰዎች ናቸው። በሐሳባችን የፈጠርነው፣ ባቡር የሚያልፍበት አንድ መንደር አለን። እያንዳንዳችን አንድ ገጸ ባሕሪ ይዘን የሚያደርገውንና የሚናገረውን እንጽፋለን። አንዱ ጽፎ ሲለጥፍ ሌላው ከዚያ ይቀጥላል። እኔ ቃሊቲ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ሳሙና አሽጋለሁ። አብረውኝ የሚሠሩት ሴቶች «ዛሬም አፍሽን እቤት ረስተሽው መጣሽ?» እያሉ ይስቁብኛል። በመንደሩ ግን አፈኛ ሻይ ሻጭ ነበርኩ። ባቡር ነጂውን ሳይቀር እሰድብ ነበር።

ከሻይ ቤቴ ፊት ለፊት የሐዲድ ማቋረጫው ጠባቂ ነበሩ። ሁላችንም አባባ እንላቸዋለን። ባቡር ሲመጣ ማገጃውን ያወርዳሉ፣ ሲያልፍ ያነሳሉ፣ ሻይሽ ቀጠነ እያሉ ይነጫነጫሉ። ከጨዋታው ውጭ ለብቻዬ ሲጽፉልኝም አነጋገራቸው ያው ነበር። አንድ ቀን «ልጄ፣ አዘነች ብለሽ አትጻፊ። ብርጭቆውን እንዴት እንዳጠበች ጻፊ» አሉኝ። ብርጭቆውን ጻፍኩ። ሰዎች የኔን ጽሑፍ መጠበቅ የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ነው። እኔም «እሺ አባባ፣ እግዜር ይስጥልኝ» እያልኩ በአንቱ እመልስላቸው ነበር።

ሰው ሲበዛ መንደሩ ተበላሸ። አንዱ «እሺ» ብሎ ብቻ ይለጥፋል። ሌላው የኔን ሻይ ሻጭ ሳያስፈቅደኝ ይድራታል። ግሩፑን የከፈተው የሳሪስ ልጅ «አንቺ ተጠንቅቀሽ ነው የምትጽፊው፤ ደንብ አውጪልን» አለኝ። እምቢ ማለት ስለማልችል እሺ አልኩ።

የእድሩን ደንብ አልጋዬ ላይ ዘርግቼ አንቀጽ በአንቀጽ እያየሁ ጻፍኩ። ከአምስት መስመር ያነሰ አይለጠፍም። የሌላውን ሰው ገጸ ባሕሪ ማንም አያንቀሳቅስም፤ እጅህን ዘረጋህ ብለህ መጻፍ ትችላለህ፣ ጨበጠችኝ ማለት ግን አትችልም። ሁሉም የራሱን በራሱ እጅ ይጽፋል። መጨረሻ ላይ እድሩ ስለሚጠፋ አባል የሚናገር አንቀጽ ነበረው። በተከታታይ የቀረ አባል ይሰረዛል ይላል። ከመሰረዙ በፊት ግን ቤቱ ሰው ተልኮ ደህንነቱ ይጠየቃል ይላል። የመጀመሪያውን ወስጄ «ሰባት ቀን ያልጻፈ ሰው፣ ገጸ ባሕሪው መንደሩን ለቆ ይሄዳል» አልኩ። ሁለተኛውን ተውኩት። በስልክ ብቻ የምንገናኝ ሰዎች ማን ማን ቤት ይሄዳል ብዬ።

ሁሉም ወደዱት። አባባ «እንደ ዳኛ ጻፍሽው» አሉኝ።

ጥቂት ሳምንት ቆይቶ አባባ ጠፉ። በአምስተኛው ቀን ለብቻቸው «ደህና ነዎት?» ብዬ ጻፍኩና ሳልልከው አጠፋሁት። ትልቅ ሰው እንዴት ይጨቀጨቃል ብዬ አፈርኩ። ሰባተኛው ቀን ደረሰ።

«ለአባባ ሲሆን ደንቡ ይተኛል እንዴ?» አለ አንዱ።

«ባለፈው የኔን ፖሊስ ያለ ርኅራኄ አባራችሁት የለ!» አለ ሌላው።

የሳሪሱ ልጅ «ያወጣሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺው ሸኚያቸው» አለኝ።

በምሳ ሰዓት ካርቶን ላይ ተቀምጬ ሸኘኋቸው። ሽማግሌው ብርድ ልብሳቸውን ጠቅልለው በሐዲዱ ዳር ሲሄዱ፣ ሻይ ሻጯም የሳቸውን ብርጭቆ አጥባ ስትደፋው ጻፍኩ። እንደዚያ አሳምሬ ጽፌ አላውቅም። ግሩፑ በእንባ ምልክት ተሞላ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም።

በሁለተኛው ቀን ከአባባ አድራሻ መልእክት ደረሰን። «አባባ የምትሏት እህቴ ናት። ዛሬ ጠዋት አርፋለች። ለቅሶው ኮዬ ፈጬ ነው» ይላል። ሽማግሌ አልነበሩም። ኋላ እንደሰማሁት ከእኔ በሁለት ዓመት ብቻ የምትበልጥ ልጅ ነበረች።

ለእህትየው ለብቻዋ ጻፍኩላት። ብዙ ጊዜ ታማ እንደተኛች፣ በመጨረሻው ሰሞን ጣቷ ስለማይታዘዝ የኛን ጽሑፍ እሷ ታነብላት እንደነበር ነገረችኝ።

«የሸኘኋቸውንም አነበብሽላት?»

«አዎ።»

«ምን አለች?»

«ደንቡ ልክ ነው አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።»

በማግስቱ ከሥራ አስፈቅጄ ሄድኩ። ድንኳኑ በሁለት ብሎኮች መሃል ተተክሏል። የነጠላዬን ጥለት ወደ ላይ አድርጌ ከሴቶቹ ጥግ ተቀመጥኩ። እናትየው ድምፃቸው ተዘግቷል።

«ልጄ፣ ከየት ታውቂያታለሽ?» አሉኝ።

«ጎረቤቷ ነኝ።»

«ስንተኛ ፎቅ?»

ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብኩ። አንዲት ቀጭን ልጅ የንፍሮ ሳህን ይዛ መጣችና አጠገቤ ቁጭ አለች።

«ሻይ ሻጯ ነሽ?» አለችኝ በጆሮዬ። ራሴን ነቀነቅኩ። «እኔ እንኳ እንደ ገባሽ የምትሳደቢ መስሎኝ ነበር» አለችና ፈገግ ልትል ሞክራ ተወችው። ከዚያ የእህቷን ስልክ አወጣች። ያልተላከ ጽሑፍ ነበረበት፤

«ዛሬ ማገጃውን ያነሳሁት ዘግይቼ ነው፤ ጉልበቴ እምቢ አለኝ።
ሻይ ሻጯ ከወዲያ ማዶ ትሳደባለች፣»

«እየነገርሽኝ እኔ ልጨርስልሽ ብላት በራስ እጅ ነው የሚጻፈው አለችኝ» አለች እህትየው። «አሁን ብልከው ሁለት መስመር ነው ብላችሁ ታጠፉታላችሁ?»

«ላኪው» አልኳት።

ላከችው። እኔ ከጻፍኩት መሸኛ በታች ወጣ። ስለ ማነሱ ማንም አልተናገረም።

እቤት ስገባ የእድሩን ደንብ እንደገና አወጣሁና የተውኩትን ዐረፍተ ነገር ደንባችን ላይ ጨመርኩ፤ የጠፋ አባል ቤቱ ድረስ ተሂዶ ይጠየቃል። የሳሪሱ ልጅ ሁለቱን መስመር ለምን አትጨርሺውም፣ አጨራረሷን የምታውቂው አንቺ ነሽ አለኝ። አውቀዋለሁ። ሻይ ሻጯ ስትሳደብ እሳቸው ምን እንደሚመልሱላት በደንብ አውቃለሁ። ግን የሌላውን ሰው ገጸ ባሕሪ ማንም አያንቀሳቅስም። ያንን አንቀጽ አልነካሁትም።