ሮዌና የቀናችበት ካርድ

ሮዌና ፕሩዊት በሰው ወርቅ ቀንታ አታውቅም። በሰው መልክም፣ በሰው ልጅም አትቀናም። አንጀቷን ያሳረራት የጎረቤታችን የትሪና የጤና ኢንሹራንስ ካርድ ነው። እንደኛ በመኪና የሚጎተት ባለጎማ ቤት ውስጥ የማይኖር ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል። እኛ አንስቅም፤ ያቺን ካርድ ሁላችንም በጎን በጎን አይተናታል።

ሰሜኑ በረዶ ሲለብስ እኛ አሪዞና በረሃ፣ ኳርትዝሳይት ከምትባል ከተማ ዳር እንሰፍራለን። ሲሞቅ ደግሞ ቤታችንን ጎትተን ወደ ሞንታና፣ ወደ አይዳሆ፣ ደስ ወዳለን። መንገዱ ችግር የለበትም። ችግሩ ኢንሹራንስ የሚሸጠው ቤቱ መሬት ላይ ለተተከለ ሰው መሆኑ ነው። አድራሻህ ባለበት አካባቢ ያሉ ሐኪሞች ያክሙሃል፤ ከዚያ ከወጣህ፣ ነፍስህ ጉሮሮህ ላይ ካልደረሰች በቀር፣ ከኪስህ ነው። የእኛ አድራሻ ደግሞ የፖስታ ሳጥን ነው። እሳት ዳር «ፍሎሪዳ ነው አገሬ» የሚልህ ሽማግሌ ሁሉ ፍሎሪዳን የሚያውቃት ሳጥን ተከራይቶ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ቀን ነው።

ሮዌና የኦሃዮ ሰው ናት። ዕድሜዋን ሙሉ የተማሪ አውቶቡስ ነድታለች፤ ለዚህ ነው ሰው ስታናግር በመስታወት ወደኋላ የምታይ የምትመስለው። ባሏ ደልበርት የማሞቂያ ጠጋኝ ነበር። ሁለቱም ሥራ በቃን ብለው ቤታቸውን ሸጠው ባለጎማውንና ለደልበርት አንዲት የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ገዙ። ብዙም ሳይቆዩ የደልበርት የልብ ሥር ተዘጋና በቱቦ አስከፈቱት። ከዚያ ወዲህ በየጥቂት ወሩ የልብ ሐኪም ሊያየው የግድ ነው። መንግሥት የሚያሳክመው ስድሳ አምስት ሲሞላው ነው፤ ደልበርት ገና ስድሳ አንዱ ላይ ነው።

ባለፈው በጋ ሞንታና ላይ ደረቱን ከበድ ሲለው ሮዌና ሐኪም ቤት ወሰደችው። የመዝገቡ ልጅ ካርዳቸውን ገልበጥ አድርጋ አየችና «ድንገተኛ ካልሆነ ይሄ እዚህ አይከፍልም» አለች።

ደልበርትም ቀዝቀዝ ብሎ «እሺ፣ ድንገተኛ እስኪሆን እዚህ ወንበር ላይ ልጠብቅ?» አላት።

ልጅቱ ሳቀች። ሮዌና ግን አልሳቀችም። የዚያኑ ዕለት ልጃቸው ካንዲስ ከኦሃዮ ደወለች። «እማዬ፣ ምድር ቤቱን ቀለም አስቀብተነዋል። ባለጎማውን ሽጡትና ኑ። አባዬ ሐኪሙ አጠገብ ይሁን።» ሮዌና የልጇን ድምፅ ስታስመስል አፍንጫዋን ትይዛለች። «ምድር ቤት፤ መስኮቱ የሰው እግር የሚያሳይ» ትላለች። ግን ቃሏን ሰጥታለች፦ ዘንድሮ የትም የሚሠራ ኢንሹራንስ ካላገኙ ባለጎማው ይሸጣል፣ መንገዱም ያበቃል።

እንግዲህ ይህን ይዛችሁ ትሪና ሆልካምብን አስቧት። ባሏ የሞተባት፣ በረሃ መሃል ከንፈሯን የምትቀባ፣ ቦት ጫማዋ አቧራ የማይነካው ሴት። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ እያንዳንዳችን ወንበራችንንና ኩባያችንን ይዘን እሳቱ ጋ እንሰበሰባለን። ደንቡ ነው፤ ወንበር የሌለው ቆሞ ይሰማል። ወሬው ሁልጊዜ ያው ነው፦ የፍሳሽ ታንክ፣ የፀሐይ ኃይል፣ ኢንሹራንስ። ኢንሹራንስ ሲነሳ ትሪና አንገቷን ሰበር ታደርጋለች።

«እኔ እኮ፣ የኔ ቆንጆ፣ ሜይን ብታመም ኦሪገን ብታመም ካርዴን ማውጣት ነው። ይቀበሉኛል። አይዳሆ የእግሬ ጥፍር ሥጋዬን ሲወጋኝ ወዲያው ስፔሻሊስት! ኒው ሜክሲኮ ዓይኔን፣ ዩታ ጆሮዬን።»

ሮዌና ማታ ማታ ለደልበርት ምን ትላለች? «ያቺ ሴትዮ ካርዷን ለማሳየት ነው የምትታመመው። ጥፍሯ ስፔሻሊስት አለው፤ ያንተ ልብ የለውም።»

«ለምን አትጠይቂያትም ታዲያ? ትነግርሻለች።»

«ሞቼ ነው! እሷን ጠይቄ፣ ከዚያ ወዲያ እሷ የምትለኝን ልሰማ?»

አልጠየቀችም። ምን አደረገች መሰላችሁ፣ አየት አደረገች። አምና ሁላችንም ምግብ አዋጥተን አንድ ጠረጴዛ ላይ ስንበላ ትሪና ካርዷን ሰላጣው አጠገብ ረስታው ነበር። ሮዌና የባቄላ ድስቷን ይዛ አለፈች፣ ተመለሰች፣ ደግሞ አለፈች። ድስቱ ቀዘቀዘ። ያየችው ይህን ነው፦ ካርዱ ሰማያዊ ነው፣ የፍሎሪዳ ነው፣ ጥጉ ላይ ትንሽ የጉዞ ሻንጣ ተስሎበታል። በቃት። ሻንጣ ካለ መንገድ አለ አለች።

በዚህ ሰበብ፣ ቅጠል ሲረግፍ፣ ቤታቸውን ጎትተው አገሩን ዳር እስከ ዳር አቋረጡና ፍሎሪዳ ገቡ። ያንን ሁሉ ነዳጅ ያነደደችው ቅናት ናት ብል ሐሰት አይደለም። ሳጥን ተከራዩ፣ መንጃ ፈቃድ ለወጡ። ከዚያ ሮዌና የትሪናን ካርድ ያወጣው ኩባንያ ጋ ደወለች። እዚህ ላይ ነው የተሳሳተችው፤ ስህተቱም ከእኛ በቀር ማንም የማይሳሳተው ነው። ባለሳጥን ሰው ሁሉ አንድ ፍርሃት አለው፤ «እውነት እዚህ ትኖራላችሁ?» ብለው የሚያባርሩት ይመስለዋል። የስልኩ ሰውዬ በትሕትና «አብዛኛውን ጊዜ የት ነው የምትኖሩት?» ብሎ ጠየቃት።

ሮዌና ደነገጠች። «ፍሎሪዳ ነዋ! ከፍሎሪዳ ወጥተን አናውቅም» አለችው።

«ወደ ሌላ ግዛት አትጓዙም?»

«ምን ቆርጦን።»

ሰውዬው ምን ያድርግ? ከፍሎሪዳ ለማይወጣ ሰው የሚሆነውን፣ ረከስ ያለውን ሰጣት። እሷም ዋጋው ሲቀንስ ትሪናን በብልጠት የበለጠቻት መሰላት። ካርዱ በጥር በፖስታ ተከትሏቸው እዚህ ድረስ መጣ። ሰማያዊ። ፍሎሪዳ። ሻንጣ አለው።

የዚያን ቀን ሮዌና ወንበሯን ከሁሉ ቀድማ እሳቱ ጋ ተከለች። ፀጉሯንም ታጥባለች። ወሬው ወደ ኢንሹራንስ እስኪመጣ አልጠበቀችም፤ ሽማግሌው ሆይት ስለ ፍሳሽ ታንኩ ሲያወራ አቋረጠችውና ካርዷን ከደረት ኪሷ መዘዝ አደረገች።

«እኛም ዘንድሮ የትም የሚሠራውን ያዝን» አለች፣ ትሪናን ሳታይ።

«ጎበዝ! እስኪ አሳዪኝ» አለች ትሪና። መነጽሯን አወጣች፣ ጠረገች፣ አደረገች። «ውይ፣ የኔ ቆንጆ» አለች በመጨረሻ። «ሻንጣሽ ባዶ ነው።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«የእኔ ሻንጣ ውስጥ ፊደል ተጽፏል። ይኸው። ያንቺ ባዶ ነው። ባዶ ሲሆን ከፍሎሪዳ ውጪ ለድንገተኛ ብቻ ነው። ልክ እንደ ድሮው ካርድሽ።»

ሆይት ሆዬ «ባዶ ሻንጣ ቢያንስ ለመሸከም ይቀላል» ብሎ ጨመረበት። ሳቅ ሆነ። ሮዌና ካርዷን ተቀብላ፣ ወንበሯን አጥፋ፣ ብብቷ ሥር ሸጉጣ ሄደች። ከኋላዋ ትሪና «እስከ ሳምንቱ መጨረሻ መቀየር ይቻላል! ከዚያ ምዝገባው ይዘጋል!» እያለች ነበር። እውነቷን ነው። ግን ድምጿ ውስጥ ያለው ስኳር ሮዌናን ገደላት።

ቤት ገብታ ለደልበርት «ለካንዲስ ደውልላት። ምድር ቤቱን እንውሰድ» አለችው።

«ትሪናን ልጠይቃት እንጂ።»

«ደጃፏን ብትረግጥ እዚያው ትቀራለህ።»

ደልበርት ሚስቱን ይወዳል፤ ይሰማታል የሚል ግን ከአፌ አልወጣኝም። በነጋታው ጠዋት የመፍቻ ሳጥኑን አንጠልጥሎ ትሪና ጋ ሄደ፤ የውኃ ማሞቂያዋ ተበላሽቷል ብላ ነበርና። እኔ ውሻዬን ይዤ ስወጣ ሮዌና መስኮቷ ላይ ተለጥፋለች። ጠራችኝ።

«ነይ እስኪ። ይሰማሻል? ምንድን ነው የሚያስቃት?»

«እንጃ። ደልበርት አስቂኝ ሰው ነው።»

«እኛ ቤት አስቂኝ ሆኖ አያውቅም።»

ትሪና ደግሞ ሳቀች። ሮዌና «መድኃኒቱን አልዋጠም» አለች። ውጧል፤ እሷም ታውቃለች። ክኒን በአንድ እጇ፣ ውኃ በሌላ እጇ ይዛ ሜዳውን ስታቋርጥ እኔም ውሻዬ በዚያ በኩል መሄድ ፈለገ ብዬ ተከተልኩ።

በሩ ክፍት ነበር። ከደልበርት የሚታየው እግሩ ብቻ ነው፤ ሌላው ገላው ዕቃ ማጠቢያው ሥር ገብቷል። ትሪና ጠረጴዛዋ ላይ ስልኳን አስቀምጣለች፣ ስልኩ የመጠበቂያ ሙዚቃ ይጫወታል።

«መጣሽ? ጥሩ» አለቻት። «ኢንሹራንሶቹ ጋ ደውዬልሽ ነው። ባልሽ ስምሽን ነገረኝ፤ ግን ያለ አንቺ ድምፅ ምንም አይቀይሩም። ተቀመጪ።»

ሮዌና ክኒኑን እንደያዘች ቆመች። መመለስ ትችል ነበር። ወደ ደልበርት እግር አየች፤ አንዱ ካልሲው ቀዳዳ ነው፣ ትሪና ፊት። ተቀመጠች።

ሙዚቃው ቆመ። አንዲት ሴት መጣች፣ ስም ጠየቀች፣ ልደት ጠየቀች። ከዚያ ያችኑ ጥያቄ፦ «አብዛኛውን ጊዜ የት ነው የምትኖሩት?»

ትሪና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አላደረገችም፣ አልጠቀሰቻትም፤ ጥፍሯን አየች። ሮዌና የዋሸችውን በዚህች ሴት ፊት ልታፈርስ ነው። ከዚህ ይልቅ ምድር ቤቱ ሳይቀላት አልቀረም።

«አድራሻችን ፍሎሪዳ ነው» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «የምንኖረው ግን ጎማ ላይ ነው። አሁን አሪዞና ነን። በጋ ሞንታና። ያኔ... ከፍሎሪዳ አንወጣም ያልኳችሁ ፈርቼ ነው።»

«ችግር የለውም፣ እሜቴ» አለች ሴትየዋ። «ብዙ ሰው እንደዚያ ይላል። ለእናንተ ይሄ ሳይሆን ሁሉም ግዛት የሚሠራው ነው የሚሆነው። ወርኃዊው ይጨምራል። ከየካቲት ይጀምራል። ልቀይረው?»

ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ድምፅ መጣ። «ጀልባዋን እሸጣታለሁ። ቀይሪው በያት።»

ተቀየረ። ሮዌና «አመሰግናለሁ» አለች፤ ለስልኩ ይሁን ለትሪና አልለየሁትም። ትሪናም ፊቷ ላይ ስኳሩ አልነበረም። «እንግዲህ ባለካርዶቹ ሁለት ሆንን» አለች፣ ጥርስ እንደሚያመው ሰው።

ከዚያ ወዲያ ማን ዝም አለ? ትሪና በየወንበሩ ዞራ «ምስኪኖቹን እኔ ነኝ ያወጣኋቸው» አለች። ሮዌና ይህን ስትሰማ «ካርዱን አምጣ የወለደችው ይመስላታል» አለች። ሆይት ለሁለቱም ይስቃል።

በየካቲት ደልበርት በአቅራቢያችን ወንዝ ዳር ካለች ከተማ የልብ ሐኪም ቀጠሮ ተያዘለት። የእነሱ መኪና ጋራዥ ገብታ ነበር፤ ትሪና «እኔ እወስዳችኋለሁ» አለች። እኔም ለገበያ ተከተልኩ። ሮዌና ደልበርትን ከኋላ ከእኔ ጋር አስቀመጠችውና እሷ ፊት ገባች፣ ከትሪና ጎን። በእኔ አትቀናም፤ የእኔ ካርድ ሻንጣም የለውም።

መንገዱን ሙሉ ትሪና ብቻ አወራች። ሐኪም ቤት ስንደርስ ሮዌና ካርዱን ለመዝገቧ ልጅ ሰጠች። ልጅቱ ኮምፒውተሩን መታ መታ አደረገች። «ይሠራል። ተቀመጡ።»

«ምን አልሽ?»

«ይሠራል፣ እሜቴ።»

«ትንሽ ጮክ በይልኝ፤ ጆሮዬ አይሰማም።» ጆሮዋ ከእኔ ውሻ ይበልጣል።

«ይሠራል!» አለች ልጅቱ። ትሪና መጽሔት ውስጥ ገባች።

ጥቂት ቆይቶ በሩ ተከፈተና ነርሷ ብቅ አለች። «አቶ ፕሩዊት? ባለቤትዎም አብረው መግባት ይችላሉ» አለችና ፈገግ ብላ ትሪናን አየች። ከንፈር የተቀባችው፣ ቦት የተጫማችው እሷ ናት፤ ነርሷ ምን ታድርግ? እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ትሪና ከወንበሩ ትንሽ ከፍ ብላለች።

«አንቺ ቁጭ በይ» አለቻት ሮዌና። ከዚያ ለነርሷ፦ «ሚስቱ እኔ ነኝ። ካርዱም በእኔ ስም ነው።» የደልበርትን ክርን ይዛ ገባች፤ ደልበርት ወደ እኛ ዞሮ ትከሻውን ነቀነቀ።

ሲወጡ የሮዌና ፊት በርቷል። ልቡ ደህና ነው ተብሏል፤ በሰኔ ደግሞ ይታያል። መኪና ውስጥ እንደገባን ለካንዲስ ደወለችና ምድር ቤቱን አከራዪው አለቻት። ስልኩን ዘግታ ወደ ትሪና ዞረች።

«ሐኪሙ በሰኔ ታዩ ነው ያለን። የትም ብትሆኑ፣ የትም ግዛት።»

«ሰማሁ» አለች ትሪና።

«የትም ነው ያለው።»

ትሪና ሬዲዮውን ከፍ አደረገችው።